ወገብዎን ያመመዎት ብርድ ነው ወይስ ጋቢናው?

አቃቂ ቃሊቲ የአዲስ አበባ ደቡባዊ በር ነው። ከአዳማ መስመር የሚገባው የጭነት ተሽከርካሪ፣ ከድንጋይ ካባ ጠጠርና ገረጋንቲ የሚያመላልሰው ገልባጭ መኪና፣ በየግንባታ ቦታው የሚቆፍረው እስካቫተርና የሚጭነው ሎደር በብዛት የሚታዩት በዚሁ ክፍለ ከተማ ነው። በ2016 ዓ.ም የተጀመረው የኮሪደር ልማትና ሌሎች ግንባታዎች ደግሞ ማሽኖቹን ሌሊትም ጭምር ሥራ ላይ አውለዋቸዋል። መንገዱና ሕንፃው ሲያድግ ሁላችንም እናያለን። ማሽኑ ላይ ስለተቀመጠው ሰው ወገብ ግን ብዙም አንነጋገርም።

ወገቡን ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጣ አሽከርካሪ ብዙ ጊዜ የሚለው ‹‹ብርድ መታኝ›› ነው። ሐኪሙም ‹‹ከባድ ዕቃ ያነሳሉ?›› ብሎ ይጠይቃል። ‹‹አላነሳም፤ ሾፌር ነኝ›› የሚል መልስ ሲሰማ ማስታገሻ አዝዞ ይሸኘዋል። የሕመሙ ምንጭ ሊሆን የሚችለው የጋቢናው ንዝረት በካርዱ ላይ ሳይጻፍ ይቀራል።

ንዝረቱ ምን ያደርጋል?

ከማሽኑ ተነስቶ በመቀመጫና በወለል በኩል ወደ ሰውነት የሚገባው መንቀጥቀጥ የሙሉ ሰውነት ንዝረት ይባላል። የላይኛው አካላችን በተለይ በሰከንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ ለሚደርስ ንዝረት ተጋላጭ ነው። በዚህ ፍጥነት ሲናወጥ የመጣውን ንዝረት ከማብረድ ይልቅ ያጎላዋል። በወጣ ገባ መሬት ላይ የሚሄዱ ከባድ ተሽከርካሪዎች የሚፈጥሩት ንዝረት አብዛኛው በዚሁና በአቅራቢያው ባለው ክልል ውስጥ ነው።

በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያሉት ዲስኮች ለሰውነታችን እንደ ባሌስትራ ናቸው፤ ግፊቱን ይቀበላሉ። በአዋቂ ሰው ዲስክ ውስጥ የደም ሥር የለም ማለት ይቻላል። ምግቡን የሚያገኘው ሲጫንና ሲላላ ከአካባቢው በሚሰርገው ፈሳሽ ነው። ለረጅም ሰዓት ተቀምጦ መናጥ ይህን ሂደት ያውካል፤ የጀርባ ጡንቻዎችንም ያደክማል። ለዓመታት ሲደጋገም የወገብና የአንገት ሕመም፣ የዲስክ መንሸራተት እንዲሁም ወደ እግር የሚወርድ የነርቭ ሕመም የመከሰት ዕድሉ ይጨምራል። ዕድሜ፣ ማጨስ፣ ጎብጦ መቀመጥና ዕቃ ማንሳትም የራሳቸው ድርሻ ስላላቸው ንዝረት ብቸኛው ምክንያት አይደለም። ሆኖም መቀነስ ከሚቻሉት ምክንያቶች አንዱ ነው።

ፍጥነትና ክፍያ

ንዝረት በመሣሪያ ይለካል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው መመሪያ በ8 ሰዓት የሥራ ቀን አማካይ ንዝረቱ በሰከንድ ስኩዌር 0.5 ሜትር ሲደርስ አሠሪው የመቀነሻ እርምጃ እንዲወስድ ያስገድዳል፤ ከ1.15 በላይ ደግሞ ጨርሶ አይፈቅድም። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ስሌቱ ነው። ንዝረቱ በእጥፍ ሲጨምር የ8 ሰዓቱ መጠን በ2 ሰዓት ይሞላል።

የንዝረቱን መጠን በዋናነት የሚወስኑት የመንገዱ ሁኔታ፣ የመቀመጫው ብቃትና ፍጥነት ናቸው። በገልባጭ መኪና ሥራ ክፍያው በቢያጆ ሲሆን አሽከርካሪው አንድ ዙር ለመጨመር ጉድጓዱንም ኮረኮንቹንም በፍጥነት ያልፈዋል። ተጨማሪውን ቢያጆ በብር ያገኘዋል፤ በወገቡ ደግሞ ይከፍላል። ስለዚህ ‹‹ቀስ ብለህ ንዳ›› የሚለው ምክር ብቻውን አይበቃም፤ የክፍያውም ሥርዓት የጤና ጉዳይ ነው።

አሽከርካሪው ምን ያድርግ?

መቀመጫዎን በክብደትዎ ልክ ያስተካክሉ። ጀርባዎ ሙሉ በሙሉ ይደገፍ። ጉድጓድ ሲያልፉ መቀመጫው ወርዶ የሚመታ ከሆነ እንዲጠገን ይጠይቁ። በሥራ መካከል እየወረዱ ጥቂት ደቂቃ ይራመዱ። ከጋቢና ሲወርዱ አይዝለሉ፤ ፊትዎን ወደ መኪናው አዙረው፣ ይዘው ይውረዱ። እንደወረዱም ወዲያው ጎማ አያንሱ፤ የደከመው ጡንቻ ወገብዎን ለመደገፍ ጊዜ ይፈልጋል።

ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከፋርማሲ እየገዙ ለሳምንታት መዋጥ ጨጓራን ሊያደማ፣ ኩላሊትን ሊጎዳና የደም ግፊትን ሊጨምር ይችላል። ሕመሙን ሸፍኖም ወደ መሪው ይመልስዎታል። ጫትም ድካምን ደብቆ የሥራ ሰዓቱን ያስረዝማል እንጂ ወገብን አያሳርፍም። ሕመሙ ሲጀምር ለቀናት አልጋ ላይ መዋልም አይመከርም፤ በሚችሉት መጠን መንቀሳቀሱ ይሻላል።

ነገር ግን ሽንት መሽናት ካቃተዎት ወይም ካመለጠዎት፣ በጭኖችዎ መካከል መደንዘዝ ከተሰማዎት ወይም እግርዎ ከሰነፈ በዚያኑ ቀን ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ነርቭ ተጭኖ ሊሆን ስለሚችል መዘግየት ለዘለቄታ ጉዳት ይዳርጋል። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና የክብደት መቀነስ ከወገብ ሕመም ጋር ከመጡም የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላልና ይመርመሩ።

የአሠሪው ድርሻ

የካባውን መንገድ በግሬደር ማስተካከል፣ የጎማ ነፋስን መጠበቅ፣ ያረጀ አሞርዛተርና መቀመጫ መቀየር፣ በፈረቃ ማሠራት፤ እነዚህ ሁሉ በአሽከርካሪው እጅ ያሉ አይደሉም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት መጠበቅን የአሠሪው ግዴታ አድርጓል። አደገኛ ሥራ ላይ ላሉ ሠራተኞች እንደ አስፈላጊነቱ በአሠሪው ወጪ የጤና ምርመራ እንዲደረግም ይደነግጋል። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። አገራችን የሥራ ደኅንነትና ጤንነትን የሚመለከተውን የዓለም የሥራ ድርጅት ኮንቬንሽን ቁጥር 155 ያጸደቀችውም በ1983 ዓ.ም ነው።

ይህ ከሕክምናው ጋር ምን ያገናኘዋል? በአዋጁ መሠረት ተራ ሕመም ከሆነ ሙሉ ደመወዝ የሚከፈለው ለመጀመሪያው አንድ ወር ነው። ጉዳቱ ከሥራ የመጣ መሆኑ ከተረጋገጠ ግን ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው። የቤተሰብ አስቤዛና የቤት ኪራይ በዚህ ልዩነት ላይ ሊወሰን ይችላል። ጀርመን ተቀምጠው ለረጅም ዓመታት በንዝረት ለሠሩ ሰዎች የወገብ ዲስክ ሕመምን እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በሥራ ምክንያት ከሚመጡ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አካትታለች። ይህን ያህል የሚታወቅ ጉዳይ ነው።

ማረጋገጫው የሚጀምረው ከምርመራ ክፍል ነው። ስለዚህ ወደ ሕክምና ሲሄዱ ‹‹ወገቤን አመመኝ›› ብለው ብቻ አያቁሙ። የሚነዱትን ማሽን ዓይነት፣ ስንት ዓመት እንደነዱ፣ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚቀመጡና መንገዱ ምን እንደሚመስል ይንገሩ፤ በካርድዎ ላይ እንዲጻፍም ይጠይቁ። እኛም ሐኪሞች ‹‹ዕቃ ያነሳሉ?›› ከሚለው ጥያቄ ጎን ‹‹ምን ይነዳሉ?›› የሚለውን እንጨምር።