የአዲስ ዓለም መንገድ ለማን ተሠራ?

ስለ አገራችን ሥልጣኔ ንግግር በተደረገ ቍጥር ከመነሣት የማይቀር አንድ መንገድ አለ። ተናጋሪው ጕሮሮውን ጠርጎ፥ ዳግማዊ ምኒልክ ከአዲስ አበባ እስከ አዲስ ዓለም ያሠሩት መንገድ በኢትዮጵያ የዘመናዊ መንገድ መጀመሪያ መሆኑን ይነግረናል፤ እኛም እናጨበጭባለን። ነገር ግን የተማረ ሰው ከማጨብጨቡ በፊት መጠየቅ አለበት። ይህ መንገድ የተሠራው ለማን ነው?

ታሪኩን እናስታውስ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቈረቈረች። ብዙም ሳይቈይ በዙሪያዋ የነበረው ደን ለቤት ሥራና ለማገዶ እየተቈረጠ አለቀ። ከተማይቱ እንጨት ስላጣች ንጉሠ ነገሥቱ በ1893 ዓ.ም. ግድም ወደ ምዕራብ ኤጀሬ ከሚባለው አገር ሌላ ዋና ከተማ ለመሥራት አሰቡ፤ ስሙንም አዲስ ዓለም አሉት። ቤተ መንግሥቱም ተጀመረ። ይሁን እንጂ መኳንንቱና የውጭ አገር መልእክተኞች በአዲስ አበባ ሥር ሰደዋል፤ ፈጥኖ የሚያድገው ባሕር ዛፍም የእንጨቱን ችግር እያቃለለ ሄደ። ስለዚህ ሐሳቡ ቀረ፤ የተጀመረውም ቤተ መንግሥት ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

መንገዱ ግን አልቀረም። ርዝመቱ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ዛሬ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በቡራዩ፥ በመናገሻና በሆለታ አልፎ አዲስ ዓለም የሚደርሰው አስፋልት ወራሹ ነው። ዋና ከተማው ከቀረ በኋላ መንገዱ ምን አመላለሰ ቢባል፥ እንጨት ነው። የገጠሩ ደን ለከተማው ምሰሶና ማገዶ ሆኖ በዚያ መጣ። ከተማው የጐደለውን ለመሙላት ወደ ገጠር እጁን ዘረጋ፤ የተዘረጋውም እጅ መንገድ ተባለ። እንግዲህ የመጀመሪያው ዘመናዊ መንገዳችን ዓላማ ይህ ነበር።

ማን ሠራው? የዚያን ዘመን ታሪክ ስናነሣ ሁላችን የምናውቀው ሰርኪስ ባቡርን ነው። ይህ የመንገድ መዳመጫ ስሙን ያገኘው ካስመጣው ከአርመናዊው ነጋዴ ከሰርኪስ ተርዚያን ነው። በዚያን ጊዜ የምድር ባቡሩ ሐዲድ ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ነበር፤ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ያ ከባድ ብረት ከድሬዳዋ ወዲህ ያለውን ተራራና ቈላ ያለፈው በሰው ጕልበት ጭምር ነው። የብረቱ ስም እስከ ዛሬ ይጠራል፤ የነጋዴውም ስም አብሮት ይጠራል። ብረቱን የጐተተው፥ ድንጋዩን የፈለጠውና አፈሩን የተሸከመው ባላገር ግን ስም የለውም። ለብረት ስም ሰጥቶ ለሰው የነፈገ ታሪክ ጐደሎ ታሪክ ነው።

አንዳንድ ወንድሞች «መንገድ ለማንም ይሠራ፥ ከተሠራ በኋላ የሁሉም ነው» ይሉናል። ነገሩ ሲሰሙት ያምራል። እስቲ ከአስፋልቱ ወጥተን ጥቂት ሰዓት በእግር እንሂድ። በዚያ አገር ያለው ጥቍር ዋልካ መሬት በክረምት እግር ይይዛል። ጤፉን በአህያ ጭኖ ጭቃውን የሚያቋርጥ ገበሬ ገበያ ሲደርስ ዋጋውን የሚቈርጠው መኪና ያለው ነጋዴ ነው፤ ገበሬው እህሉን መልሶ ሊወስድ አይችልምና ይቀበላል። ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ትወጣለች። ለነዚህ ሰዎች አስፋልቱ «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» ነው።

ከምኒልክ በኋላም አካሄዱ ብዙ አልተለወጠም። ኢጣልያ በወረራው ዘመን መንገዶችን ከአዲስ አበባ ወደየአቅጣጫው ስትዘረጋ የአገሩን ገበያ አስባ አልነበረም፤ ጦሯን ለማመላለስ ነበር። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ለመንገድም ከዓለም ባንክ 5 ሚሊዮን ዶላር ብድር ተገኘ። የተበላሹት አውራ መንገዶች መጠገናቸው ተገቢ ነበር፤ ከአውራ መንገድ የራቀው ገበሬ ግን ባለበት ቀረ። በየቀበሌው ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ ለማድረስ አገር አቀፍ ፕሮግራም የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. ግድም ነው። ከአዲስ ዓለም መንገድ እስከዚያ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ! የከተማው እንጨት መንገድ ለማግኘት ጥቂት ዓመት በቃው፤ ገበሬው አንድ ምእት ዓመት ጠበቀ።

ፕሮግራሙን አናጣጥልም፤ ይልቁንም እንጠብቀው። የአፈርና የጠጠር መንገድ ቦዩ በየዓመቱ ካልተጠረገ፥ የተሸረሸረው ካልተሞላ፥ ውሃ ሆዱን ይበላዋል። ሪባን ሲቈረጥ የሚገኝ ባለሥልጣን ብዙ ነው፤ ቦይ ሲጠረግ የሚገኝ ግን የለም። ለጥገና የሚሆን የመንገድ ፈንድ በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ ተቋቁሟል፤ ገንዘቡም ከነዳጅ ይሰበሰባል። እንግዲያውስ ከዚህ ገንዘብ ስንቱ ለገጠሩ መንገድ ይደርሳል ብሎ መጠየቅ ድፍረት ሊባል አይገባም፤ ግዴታ ነው።

ስለዚህ ለእኛ ለተማሪዎችም ሆነ ለመምህሮቻችን የምለው ይህ ነው። የምሕንድስና ተማሪ የመንገድ ካርታ ሲነሣ ከአስፋልቱ ዳር ያለውን መንደር አብሮ ይንሣ። የታሪክ ተማሪ ወደ ሆለታና ወደ አዲስ ዓለም ሄዶ አባቶቻቸውና አያቶቻቸው ስለ መንገዱ ሥራ ምን እንደነገሯቸው ሽማግሌዎችን ይጠይቅ፤ የሚያውቁት አንድ በአንድ እያለፉብን ነው። የኢኮኖሚ ተማሪም ኪሎ ሜትር መቍጠሩን ትቶ የጤፍ ዋጋ በገበሬው ደጅና በከተማው ገበያ ምን ያህል እንደሚለያይ ይለካ።

ከእንግዲህ በአዳራሻችን ስለ መንገድ የሚናገር ሁሉ ሦስት ነገር ይመልስልን፤ ማን ሠራው? ምን ይመላለስበታል? ሲፈርስ ማን ይጠግነዋል? እነዚህን ሳይመልስ ለወረደ ተናጋሪ አናጨብጭብ።