ውሃው ከየት ይወርዳል?

ፋሲሎ ውስጥ ጎረቤቴ የሆኑ አንድ ጡረተኛ መምህር አሉ። ልጅ አዋቂው «ጋሼ» ይላቸዋል። ሴት ልጃቸው የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ጥቂት ወራት ሲቀሯት ባለቤታቸው «ልጄ እዚሁ እኔ ቤት ትታረሳለች» አሉ፤ ነገሩ በዚያው አለቀ። ቤቱ ግን አሮጌና ጠባብ ነው። ደግነቱ ያኔ ሲሠራ «አንድ ቀን ፎቅ እንጨምርበታለን» ተብሎ ጣሪያው ሶሌታ ነበርና፣ እላዩ ላይ አንድ መኝታ ክፍልና መታጠቢያ ተሠራ።

ክፍሉ አማረ። ሴራሚኩ ተነጠፈ፣ ሻወሩ ተሰቀለ። ውሃው ሲለቀቅ ግን ከእጅ መታጠቢያው ቀጭን ውሃ ወረደ፤ ከሻወሩ ጠብ የሚል ነገር ጠፋ። ሙቅ ውሃማ ታች ቤትም ቀረ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ድሮ የውሃ ታንከሩ ሶሌታው ላይ፣ 1 ሜትር ከፍታ ባለው ብረት መቆሚያ ላይ ነበር። በፀሐይ የሚሠራው የውሃ ማሞቂያ ደግሞ ከታንከሩ ዝቅ ብሎ ተቀምጦ ነበር። ቀዝቃዛው ውሃ ከታንከሩ ወደ ማሞቂያው ይወርዳል፤ ሞቆ ወደ ታችኛው ቤት ይወርዳል። ለዓመታት ማንም ሳያስበው ሠራ። አዲሱ ክፍል ሲሠራ ግን ማሞቂያውን ጥላ እንዳይጋርደው ብለው ወደ አዲሱ ጣሪያ አወጡት። ታንከሩን እዚያው በነበረበት ተዉት። ማሞቂያው ከታንከሩ በላይ ሆነ ማለት ነው። ውሃ ደግሞ ሽቅብ አይወጣም።

እንዲህ ዓይነቱ የቆየ አሠራር ፓምፕ የለውም። ውሃውን የሚገፋው የራሱ ከፍታ ብቻ ነው። 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ያህል ግፊት ይሰጣል፤ 1 ሜትር ደግሞ የዚያን አንድ አሥረኛ። ስለዚህ ሻወሩ ደህና እንዲወርድ የታንከሩ ታች ራሱ ከሻወሩ አናት 1 ወይም 2 ሜትር ከፍ ማለት አለበት፤ ከማሞቂያውም በላይ መሆን አለበት። ሲሚንቶ ከመግዛታችን በፊት በሜትር የሚለካው ይኼ ነው።

ይህ የደረጃ ስህተት ነው፤ ገንዘብና ጊዜ ይበላል እንጂ ሰው አይጎዳም። የሚያስፈራው ቀጥሎ የመጣው መፍትሔ ነበር። ሥራውን የያዘው ሰው «ቀላል ነው፤ ከታንከሩ ወደ ማሞቂያው ፓምፕ እንገጥማለን» አለ። ማሞቂያው በርሜል አናት ላይ አፉ ክፍት የሆነ ቀጭን ቱቦ ነበር። «ፓምፑ ሲገፋ በዚያ ውሃ ስለሚፈስ እንደፍነዋለን» ሲል ጨመረ።

ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያስተምሩ የኖሩ ናቸውና አንድ ጥያቄ ጠየቁ። «ልጄ፣ ይኼ ቱቦ መጀመሪያውኑ ለምን ክፍት ሆነ?» መልስ አልተገኘም። «እንግዲያው እስክናውቀው አይነካም» አሉ።

ያ ቱቦ መተንፈሻ ነው። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል። ከ20 ወደ 60 ዲግሪ የሞቀ 200 ሊትር ውሃ 3 ሊትር ያህል ይጨምራል። ይህ ትርፍ ውሃና እንፋሎቱ በቱቦው ይወጣል። ውሃው ሲቀዳ ደግሞ በዚያው ቱቦ አየር ይገባል። በርሜሉ ስስ ነው፤ የተሠራው መተንፈሻው ክፍት ሆኖ እንዲሠራ ነው። መተንፈሻው ተደፍኖ በፓምፕ ከተገፋ ሊፈነዳ ይችላል፤ ተደፍኖ ውሃው ከተቀዳ ደግሞ ወደ ውስጥ ይጨማደዳል። ከሥሩ ያለው አራስ የምትተኛበት ክፍል ነበር። ከቱቦው አልፎ አልፎ እንፋሎት ወይም ጠብታ ሲወጣ «ያፈሳል» ብለን በላስቲክና በእንጨት የምንወትፍ ሰዎች ይህን ልብ እንበል።

ሌላም አደጋ ነበር። ማሞቂያው ወደ ላይ ሲነሣ ውሃው ተደፍቶ ስለነበር የመስታወት ቱቦዎቹ ለቀናት ባዶአቸውን ፀሐይ ላይ ቆይተዋል። ባዶ የመስታወት ቱቦ በባሕር ዳር የበጋ ፀሐይ ከ200 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል። እኩለ ቀን ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ቢለቀቅበት ይሰነጠቃል። ባዶ የቆየ ማሞቂያ የሚሞላው ማለዳ፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ወይም ተሸፍኖ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።

ያን ማታ እንግሊዝ አገር የሚኖረው ልጃቸው ደወለ። ጋሼ ሲያጫውቱት ሳቀ። «አባዬ፣ እኛም ቤት ይኼው ነው» አላቸው። እዚያ ቤቶች የሚሞቁት ግድግዳ ላይ በተገጠሙ፣ ሙቅ ውሃ በውስጣቸው በሚዞር ብረቶች ነው። በቆዩት ቤቶች ይህን ውሃ የሚሞላው ከጣሪያው ሥር የተቀመጠች ትንሽ ክፍት ታንከር ናት። ከጣሪያው ሥር ያለውን ባዶ ቦታ ለልጆች መኝታ ሲያደርጉትና አንድ ማሞቂያ ብረት ሲጨምሩበት፣ ብረቱ ከታንከሯ እኩል ወይም በላይ ይሆንና አየር ይሞላዋል፤ አይሞቅም። የእነሱም ባለሙያ የነገራቸው ሦስት ምርጫ ነው፤ ታንከሯን ከፍ ማድረግ፣ ወይም አሠራሩን በሙሉ ግፊት ለሚችል ዝግ አሠራር መለወጥ፣ ወይም አሮጌውን ሳይነኩ ለአዲሱ ክፍል ብቻ ለብቻው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ማድረግ። ግማሹን ክፍት ግማሹን ዝግ ማድረግ ግን የለም።

ለእኛም ምርጫው እነዚሁ ሦስቱ ናቸው። ታንከሩን ከፍ ማድረግ ርካሹ ነው፤ መብራት ሲጠፋም ይሠራል። ነገር ግን 1,000 ሊትር ውሃ ብቻውን 1 ቶን ይመዝናል፤ መቆሚያው ከሥሩ ኮለን ባለበት እንጂ ሶሌታው መሐል መቀመጥ የለበትም። ሁለተኛው ግፊት የሚችል ማሞቂያ መግዛት ነው፤ እሱ የራሱ ሴፍቲ ቫልቭ አለው፣ ቫልቩም ፈጽሞ አይዘጋም። ሦስተኛው ፎቁ ላይ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ቦይለር መግጠም ነው፤ እሱም ሴፍቲ ቫልቭና መሬት የገባ የኤሌክትሪክ መስመር ይፈልጋል። ውሃውም እስከዚያ የሚደርስበት ከፍታ ወይም ፓምፕ ያስፈልገዋል።

ጋሼ የመጀመሪያውን መረጡ። ትልቁን ታንከር ለታችኛው ቤት ተዉትና ለላይኛው 500 ሊትር የሚይዝ ሌላ ገዙ፤ መቆሚያው በአዲሱ ክፍል ኮለኖች ላይ ተበየደ። የከተማው ውሃ ግፊት ሁልጊዜ እዚያ ስለማይደርስ፣ ከትልቁ ታንከር ወደ ትንሹ የሚገፋ አንድ ትንሽ ፓምፕ ተገጠመ። ፓምፑ የሚገፋው ወደ ክፍት ታንከር ስለሆነ ማሞቂያውን አይነካውም። መተንፈሻው ቱቦም ከአዲሱ ታንከር አናት በላይ እንዲወጣ ተደርጎ ረዘመ። ማሞቂያው ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ተሞላ።

ልጅቱ ወልዳ ስትመጣ አያቲቱ ሌላ ሕግ አወጡ። የፀሐይ ማሞቂያ ሙቀቱን እንደ ቦይለር በቴርሞስታት አይቆርጥም፤ በበጋ ከሰዓት በኋላ ውሃው 70 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል። 60 ዲግሪ የደረሰ ውሃ እንኳ የሕፃን ገላ ለማቃጠል ከጥቂት ሰከንድ በላይ አይፈልግም። ስለዚህ መታጠቢያው ሳህን ውስጥ ቀዝቃዛው ይቀድማል፣ ሙቁ ይከተላል፣ በክርን ይሞከራል፤ ከዚያ በኋላ ነው ሕፃኑ የሚገባው። ልጅ በውሃው ውስጥ እያለ ሙቅ ቧንቧ አይከፈትም።

ቤት ላይ ክፍል ልትጨምሩ ያሰባችሁ ወላጆችና አያቶች፣ ሠራተኛውን ስለ ሴራሚኩ ከመጠየቃችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁት፤ ውሃው ከየት ይወርዳል? ማሞቂያው በየት ይተነፍሳል? ጣሪያው ላይ አብሯችሁ ወጥቶ በእጁ እያሳየ ካልመለሰላችሁ ሥራው አይጀመር።