«ድንቅነሽ» ለአጽም ብቻ ነው?

ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ዶናልድ ጆሃንሰንና ባልደረቦቹ አፋር ውስጥ፣ ሀዳር ላይ፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ አጽም አገኙ። ማታ በድንኳናቸው የእንግሊዞቹን የቢትልስን ዘፈን ከቴፕ እየሰሙ በዘፈኑ «ሉሲ» አሏት። በአገሯ የወጣላት ስም ድንቅነሽ ሆነ። ለዚህች ዓለም ላወቃት ፍጥረት የተራቀቀ የሳይንስ ቃል አልተፈለገላትም፣ የግእዝ መዝገብም አልተገለጠላትም፤ ከጥሩነሽ፣ ከወርቅነሽ፣ ከበላይነሽና ከዓለምነሽ ተርታ የሚያሰልፋት፣ ማንኛዋም አያት ለልጅ ልጇ ልታወጣው የምትችለው ስም በቃት። ዛሬ ግን አንዲት የከተማ አራስ «ማን አላችኋት?» ተብላ «ድንቅነሽ» ብትል፣ ጠያቂዋ ቀልድ መስሏት ሳትስቅ አትቀርም። ለአጽም ስናወጣው የኮራንበትን ስም ለልጅ ስናስበው የምናፍረው ለምንድን ነው? ብዙ ሰው «ጊዜው ስላለፈበት» ይላል። እኔ ግን ነገሩ ከጊዜ ይልቅ ከኑሮ ደረጃ ጋር የተያያዘ ነው ባይ ነኝ።

መጀመሪያ የስሙን አሠራር እንይ። በኦርቶዶክስ ቤተሰብ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ ካህኑ ስም ያወጣላታል፦ ወለተ ማርያም፣ ወለተ ጊዮርጊስ፣ ጸዳለ ማርያም። እቴጌ ጣይቱ በክርስትና ስማቸው ወለተ ሚካኤል፣ ንግሥት ዘውዲቱም አስካለ ማርያም ነበሩ። ያ ስም ልጅቱን ከአንድ ቅዱስ ጋር ያዛምዳታል፤ የምትጠራበትም በአብዛኛው በጸሎትና በፍትሐት ጊዜ ነው። የቤቱ ስም ሌላ ነው። እሱን የሚያወጣው ቤተሰብ ነው፣ የሚናገረውም ለራሷ ለልጅቱ ነው። «ነሽ» ብሎ ሲያበቃ ጠሪውን ሁሉ ምስክር ያደርገዋል። እናት ተቆጥታ «አንቺ ወርቅነሽ! ውሃው ፈላ እኮ!» ብትል እንኳ ወርቅ ናት ማለቷ አልቀረም። ጎረቤቱ፣ ባለሱቁ፣ መምህሩ፣ የማይወዳት ሰው ሳይቀር፣ ስሟን በጠራ ቁጥር ሳያስበው ያንኑ ይመሰክርላታል።

እንዲህ ያለው ስም የገጠር ብቻ ነበር የሚል ካለ የአዲስ አበባን መድረክ ያስታውስ። ብዙነሽ በቀለ በክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ታጅባ ስትዘፍን፣ አስናቀች ወርቁ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ስትተውንና ክራር ስትደረድር፣ ከእነሱ የበለጠ ከተሜ ሴት ማን ነበረች? ለውጡ የመጣው ኋላ ነው። የተማረውና ደመወዝተኛው ቤተሰብ ትዕግሥትና ሕይወት፣ ቀጥሎም ሰላማዊትና ቤተልሔም፣ አሁን ደግሞ ሶልያናና ኤልዳና እያለ ሲሄድ፣ «ነሽ» ያለባቸው ስሞች ከገጠር በመጡ የቤት ሠራተኞች ላይ ቀሩ። የቴሌቪዥን ኮሜዲዎቻችን ይህን ጨርሰው አጸደቁት፤ የቤቱ ልጅ ሶልያና ስትሆን ገና ከአውቶቡስ የወረደችው ሠራተኛ ወይ ብርነሽ ወይ ጥሩነሽ ትባልና ተመልካቹ ስሟን ሲሰማ መሳቅ ይጀምራል። ስሙን ያዋረደው ትርጉሙ ወይም ድምፁ ሳይሆን ጓዳ ውስጥ የሚሠራ ሰው ስም መሆኑ ነው። የሴቶች ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድናችን እንኳ «ሉሲዎቹ» ነው የሚባለው። ድንቅነሽ የሚል ስም በእጃችን እያለ ማሊያ ለብሶ ሜዳ የሚገባው የእንግሊዞቹ ዘፈን ነው።

ስሙ ለውጭ ሰው ምላስ ይከብዳል የሚሉም አሉ፤ በተለይ በአሜሪካና በአውሮፓ ልጅ የሚያሳድጉ ወገኖች። ለዚህ ጥሩነሽ ዲባባ መልስ ትሆናለች። በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ ኦሊምፒክ 5,000 ሜትሩንም 10,000 ሜትሩንም አሸንፋ፣ በ2004 ለንደን ላይ 10,000ን ስትደግመው፣ የየአገሩ የስፖርት ጋዜጠኛ ስሟን ከመጥራት አልተገታም። አቃቂ ያለው ሆስፒታልም በስሟ ጥሩነሽ ቤጂንግ ተብሏል። ሰው ሊጠራው የፈለገውን ስም ይለምደዋል። ጥሩነሽ የበቆጂ ልጅ፣ የኦሮሞ ቤተሰብ ልጅ መሆኗም እግረ መንገዱን አንድ ነገር ያሳያል፤ ስሙ ከአማርኛ ቢወጣም ባለቤቱ አማራ ብቻ አይደለም። በአፋር መሬት የተገኘች አጽም በአማርኛ መጠራቷን የሚቃወሙ ግን እውነት አላቸው። አፋሮች በቋንቋቸው ሊጠሯት መብታቸው ነው፤ ይህ ከድንቅነሽ ላይ የሚቀንሰው የለም።

የሚከብደው ተቃውሞ ከሴቶች መብት ተሟጋቾች ሊመጣ የሚችለው ነው። ወንዱን ደምሰው፣ ግዛው፣ ናደው፣ አሸብር እያልን ሥራ እናዘዋለን፤ ሴቷን ግን ወርቅ ነሽ፣ አበባ ነሽ ብለን እንደ ጌጥ እናስቀምጣታለን። ይህ ከፊሉ እውነት ነው፣ የሚያስተባብለውም ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን ዝርዝሩ አበባና ወርቅ ላይ አያልቅም። በላይነሽ ጌጥ ናት? አቻምየለሽስ? አገርነሽስ? ሌሎቹን አስንቃ የወጣችው አስናቀችስ? ዘርፈሽዋል የሚል ስም ያወጣ ቤተሰብ ልጁን ለቁንጅና ውድድር እያዘጋጀ እንዳልነበረ ግልጽ ነው። ይልቅ ዛሬ በድምፃቸው ለስለስ ስላሉ ብቻ የሚመረጡት፣ ወላጁ ራሱ ትርጉማቸውን ከስልኩ ላይ ፈልጎ የሚያነብባቸው ስሞች ለጌጥነት የቀረቡ ይመስሉኛል።

ወደኋላ መመለስ የሌለባቸው ስሞችም አሉ። ልጅ በሞተበት ቤት የተወለደችው ካሳነሽ ትባላለች፣ ማስረሻ ትባላለች፤ ሐዘኑ የወላጅ ሆኖ ሳለ ዕድሜ ልኳን የምትሸከመው እሷ ናት። ከእሷ በፊት የሞተውን ሕፃን አይታው አታውቅም፣ ስሟን ግን የሚያስረዳት ሁሉ ታሪኩን ከእሱ ይጀምራል። እነዚህን የሚያስቀር ወላጅ ልክ ነው፤ ካሳነሽን ያስቀረበት ምክንያት ግን በላይነሽን አያስቀርም።