«አይቻልም» ከሆነም በጽሑፍ ይነገረን
ለኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ዋና ዳይሬክተር፣

ሰሜን ወሎ፣ መርሳ ውስጥ ፊዚክስ የማስተምር ሰው ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ተማሪዎቼ ስለሠሩት ባለ አራት ሞተር ትንሽ በራሪ ነው። ሞተሮቹንና መቆጣጠሪያ ሰሌዳውን አዲስ አበባ ከሚገኙ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ሰው ልከው አስፈልገው ገዙ። አካሉን ራሳቸው ቆርጠው ገጣጠሙት። በርበሬ ሻጭ ዘንድ ወስደን በሚዛን ስናስቀምጠው 430 ግራም ወጣ። ካሜራ የለውም። የማሽላ አገር ልጆች ናቸውና ከአገዳ መኪናና መነጽር እየሠሩ ነው ያደጉት። ይህም ለእነሱ የዚያው ጨዋታ ታላቅ ወንድም ነው።

እስካሁን ከክፍል ወጥቶ አያውቅም። አንድ ቀን ብቻ እግሩን ከጠረጴዛ ጋር በገመድ አስረን አስነሳነውና አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ቆመ። ልጆቹ ሲያጨበጭቡ በበሩ በኩል የምታልፍ ሌላ ተማሪ የሞተሩን ጩኸት ሰማች። ደብተሯን ጥላ አጠገቧ ካለው ወንበር ሥር ገባች። አባብለን እስክናስወጣት ድረስ ብዙ ጊዜ ወሰደብን። ቤተሰቧን የማውቃቸው ስለሆነ ማታ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። እናቷ «እርስዎ ምን ያድርጉ» አሉኝ፣ ቡናም አቀረቡልኝ፤ ልጃቸው ግን በሩ ላይ ቆማ አልገባችም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሞተሩን አላስነሳነውም።

ይህን የነገርኩዎ ድሮን የሚለው ቃል እኛ አገር ምን እንደሚመዝን እንዲያውቁልኝ ነው። ጎረቤታችን ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነት እጅ ከርማለች። ከሐምሌ 2015 ወዲህ ደግሞ በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሥቷል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሰብዓዊ መብቶች ቢሮ በኅዳር 2016 ባወጣው መግለጫ በአማራ ክልል በድሮን ጥቃት ሲቪሎች መሞታቸውን፣ ከእነዚህም አንዱ የአውቶቡስ መናኸሪያ ላይ የደረሰ መሆኑን ገልጿል። መርሳና ወልድያ ያለ ሰው ድሮን ሲባል የሠርግ ቪዲዮ ትዝ አይለውም፤ ሰማይ ሰማይ ያያል።

ታዲያ ልጆቹ «መምህር፣ የት ብንወስደው ነው የሚፈቀደው?» ብለው ሲጠይቁኝ መልስ አጣሁ። መልስ ፍለጋም ሄድኩ። ያንኳኳሁት በር ሦስት ነው። የአንደኛው ሰው «ድሮን» የሚለውን ቃል ስጠራ ፊቱ ተለወጠ፤ በሩን ዘግቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መምህር፣ ይህን ነገር ባታነሣው ይሻላል» አለኝ። በክፋት የተናገረ አይመስለኝም፤ ለእኔ አስቦ ነው። ሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ላከኝ፤ ሦስተኛው ወደ አንደኛው መለሰኝ። የማንኛቸውንም ስም አልጠራም፤ የመሥሪያ ቤታቸውንም። ጥፋቱ የሰዎቹ አይደለምና። እነሱም የሚያሳዩኝ ወረቀት አልነበራቸውም።

ክቡር ሆይ፣ የማውቀውን ላስቀድም። ድሮን ከውጭ ለማስገባት ከኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ ይጠየቃል። ያለ ፈቃድ የመጣውን ቦሌ ላይ ጉምሩክ ይይዘዋል፤ ከውጭ የሚመጡ ዘመዶቻችን ይህን ተምረዋል። የአገራችን የአየር ክልል ደህንነት ደግሞ በሲቪል አቪዬሽን አዋጅ ቁጥር 1179/2012 መሠረት የእናንተ ኃላፊነት ነው። ስለ ማስገባት የሚነገረው ይሰማል። ስለ ማብረር ግን አንድ ወጣት አጥፎ ኪሱ የሚከተው፣ በአማርኛ የተጻፈ፣ «እዚህ ይቻላል፣ እዚህ አይቻልም» የሚል ወረቀት እኛ ዘንድ አልደረሰም። ነጋሪት ጋዜጣ ላይ የሚታተመው ሕግ ሁሉ እንደሚታወቅ ተቆጥሮ ነው። መርሳ ላይ ጋዜጣውን የሚያነብ ሰው ግን እኔን አልገጠመኝም።

ጉዳዩ አዲስ መጥቶብን ደግሞ አይደለም። ኢትዮጵያ የቺካጎው የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ስምምነት አባል ናት፤ ስምምነቱ የተፈረመው በ1937 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከመቋቋሙ አንድ ዓመት ቀድሞ ነው። የዚያ ስምምነት 8ኛ አንቀጽ የሚናገረው አብራሪ ሳይኖረው ስለሚበር አውሮፕላን ነው። እንዲህ ያለው አውሮፕላን ያለ አገሩ ልዩ ፈቃድ በአገሩ ላይ አይበርም፤ አገሮችም ሌሎች አውሮፕላኖችን ለአደጋ እንዳያጋልጥ ሊቆጣጠሩት ቃል ገብተዋል። ለተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው አላመኑኝም። አያቶቻቸው ሳይወለዱ የተጻፈ ነገር ነውና።

በኋላ ሌሎች አገሮች ይህን ቃል በየፊናቸው ተረጎሙት። ሩዋንዳ በ2008 ዓ.ም. የድሮን ደንብ አወጣች፤ በ2009 ጥቅምት ላይ ደም ለሆስፒታል የሚያደርሱ ድሮኖች ከሙሃንጋ መነሣት ጀመሩ። ኬንያ ለዓመታት ከልክላ ቆይታ በ2012 ደንቧን አጸደቀች። አሜሪካ ውስጥ ለመዝናኛ የሚያበር ሰው ከ250 ግራም በታች የሆነ ካለው አያስመዘግብም፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ያስመዘግባል። አየር ማረፊያ አጠገብ ካልሆነ በቀር እስከ 400 ጫማ፣ ማለትም 120 ሜትር አካባቢ ድረስ፣ ከዓይኑ ሳያርቅ ያበራል። የሞዴል አውሮፕላን ክለቦችም የታወቀ ሜዳ አላቸው። የአውሮፓ ኅብረት ደንብም በ120 ሜትር ይወስናል፤ እያንዳንዱ አገር የተከለከለውን ቦታ በካርታ አውጥቶ ለሕዝብ ያሳያል። ተማሪዎቼን የሚያስቀናቸው ነፃነቱ አይደለም፤ ካርታው ነው።

የእናንተን ስጋት አልዘነጋሁም። በ2011 ዓ.ም. ታኅሣሥ ለንደን አቅራቢያ ጋትዊክ አየር ማረፊያ ድሮን ታየ ተብሎ ከአንድ ቀን በላይ ተስተጓጉሎ ወደ 1,000 የሚጠጋ በረራ ተሰርዟል ወይም አቅጣጫ ቀይሯል። እንዲህ ያለው ነገር ቦሌ ላይ ቢደርስ ምን እንደሚሆን ለማሰብ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። የእኛ ሁኔታ ደግሞ ከጋትዊክ የከበደ ነው። እኔ የወታደሩን ቦታ ወስጄ አስቤያለሁ። ኬላ ላይ የቆመ ወታደር ከአውቶቡስ የወረደ ልጅ ሳጥን ከፍቶ አራት ክንፍ ያለው ነገር ሲያይ ምን ያስባል? ልጁስ ምን ብሎ ያስረዳል? ሁለቱም የሚያሳዩት ጽሑፍ ከሌላቸው ውሳኔው የሚሰጠው በደቂቃና በጥርጣሬ ነው፤ የሚጎዱትም ሁለቱ ናቸው። አንድ ማኅተም ያለበት ወረቀት ግን ወታደሩንም ልጁንም ያሳርፋል።

እንግዲህ የምለምንዎ ይህ ነው። በአማርኛና በሌሎቹም የአገራችን ቋንቋዎች ከአንድ ገጽ የማትበልጥ መመሪያ አውጡልን። ክብደቱ ስንት የሆነ እንደሚፈቀድ፣ ካሜራ ያለውና የሌለው በምን እንደሚለይ፣ ከአየር ማረፊያ፣ ከጦር ካምፕ፣ ከመንግሥት ተቋምና ሕዝብ ከሚሰበሰብበት ቦታ ምን ያህል መራቅ እንዳለበት ይጻፍ። ፈቃድ የሚጠየቅበት አንድ መስኮት ይታወቅ። ከወልድያ አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መንገዱም ባሻን ቀን የሚኬድ አልሆነም። ማመልከቻውን ወልድያ አስገብተን መልሱን ወልድያ የምናገኝበት መንገድ ይፈለግ። ከእናንተና ከመረብ ደህንነት አስተዳደር የትኛው ምን እንደሚፈቅድ ወረቀቱ ላይ ይለይልን። ዛሬ ሁለቱን የሚለይ ሰው በአካባቢያችን አላገኘሁምና።

ሰሜን ወሎ ውስጥ ለጊዜው ጨርሶ አይቻልም ካላችሁም እንቀበላለን። ይህን ከልቤ ነው የምለው። ወንበር ሥር የገባችውን ልጅ ያየ ሰው «ሰማዩን ለእኛ ክፈቱልን» ብሎ አይከራከርም። ግን «አይቻልም» የሚለውም ይጻፍ፤ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነም ይገለጽ፤ ቀኑ ሲያልፍ ዳግም ይታይ። በሹክሹክታ የተነገረ ክልከላ ደፋሩን አያስቆመውም፤ የሚያስቆመው ጠያቂውንና ሕግ አክባሪውን ነው። ደፋሩ ከሰው ገዝቶ፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ ሠርግ ላይ ያስነሣዋል። በዚያ ሠርግ ላይም የሚደነግጡ እናቶች አሉ።

ሰላም ሲወርድ ደግሞ ይህ ዕውቀት እዚሁ ይፈለጋል። ሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል እዚሁ በእኛው ወረዳ ሀብሩ ውስጥ ነው፤ የመርሳ ማንጎና ብርቱካን፣ የቆላው ማሽላ ከላይ ሆኖ የሚያይለት ቢኖር ተባዩንና የውኃ ጥማቱን ቶሎ ያውቀዋል። በ2012 ዓ.ም. የአንበጣ መንጋ አገራችንን ሲወር ገበሬው በጅራፍ ጩኸትና በቆርቆሮ ነበር የሚከላከለው። ያን ያዩ ልጆች ናቸው ዛሬ ሞተር የሚገጣጥሙት። የነገ ባለሙያዎቻችሁም ከእነዚህ መካከል ይወጣሉ። አዲስ አበባ ያለ ተማሪ የሚጠይቀውን መርሳ ያለውም እንዲጠይቅ አድርጉልን።

በራሪው ትምህርት ቤት ውስጥ ቁም ሳጥን ተቆልፎበታል። ባትሪው ተነቅሎ ለብቻው ተቀምጧል። ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው። የእናንተ ወረቀት እስኪመጣ አልከፍተውም፤ ልጆቹም ይህን ያውቃሉ። መልስዎን እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመርሳ መምህር