መደቡ፣ በሬውና ተረቱ፦ በእነዋሪ ክፍል ውስጥ ባህልን በጥበብ ስለ ማስተማር

በ2013 ዓ.ም. የተዘጋጀው የአጠቃላይ ትምህርት ሥርዓተ ትምህርት ማዕቀፍ ሀገር በቀል ዕውቀት በየትምህርት ዓይነቱ እንዲካተት ይጠይቃል። ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችም «የክወናና የእይታ ጥበባት» የሚባል ትምህርት ተቀርጿል። ሐሳቡ የሚደገፍ ነው። ሆኖም «ሀገር በቀል» የሚለው ቃል አማርኛ ተናጋሪ ወደ ሆነ ወረዳ ሲደርስ ትርጉሙ ይሳሳል። በአርጎባ ልዩ ወረዳ ወይም በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ሕፃናት በምን ቋንቋ ይማሩ የሚለው ጥያቄ የባህልን ጉዳይ አብሮ ያነሣል። በእነዋሪ ግን የክፍሉ ቋንቋ የቤቱ ቋንቋ በመሆኑ ነገሩ የተዘጋ ይመስላል። ባህል ሲባል በብዙዎች አእምሮ የሚመጣው ኅዳር 29 ቀን የሚታየው የሌሎች ልብስና ጭፈራ ነው። የቋንቋው አንድ መሆን በቤትና በትምህርት ቤት መካከል ያለውን ርቀት ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም።

እነዋሪ የሞረትና ጅሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው ሜዳ ጥቁር አፈር ነው፤ በክረምት ውሃ ይቋጥራል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ሥሩ በውሃ የተያዘ ሰብል ደግሞ ይመነምናል። የአካባቢው ገበሬ ለዚህ ያበጀው መላ ሰፊ መደብና ቦይ ነው። ማሳው ከታረሰ በኋላ አፈሩ በእጅ እየታፈሰ መደቡ ከፍ ይላል፣ ትርፉ ውሃ በቦዩ ይወርዳል። ይህን ሥራ በአብዛኛው የሚሠሩት ሴቶችና ልጆች እንደነበሩ ልብ ሊባል ይገባል። መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገው የቀድሞው ዓለም አቀፍ የአፍሪካ እንስሳት ማዕከል ተመራማሪዎች በ1970ዎቹ ማብቂያ ይህን የእጅ ሥራ አጥንተዋል። ድካሙን ለማቅለልም ሁለት ማረሻ ተጣምሮ በበሬ የሚሳብበትን፣ ዛሬ «ቢቢኤም» የሚባለውን መሣሪያ አቅርበዋል። ከሩቅ የመጣ ተመራማሪ ሊማርበት የመጣውን መደብ፣ በገዛ እጁ አፈር ያፈሰው ሕፃን በሥዕል ደብተሩ ላይ አለማስፈሩ የሚያሳዝን ተቃርኖ ነው።

ለክልሉ ሁሉ የሚታተም መጽሐፍ የእነዋሪን መደብ እንዲይዝ አይጠበቅም። ጀበና፣ መሶብና ማሲንቆ ይበቁታል። መደቡን ወደ ክፍል ማስገባት የመምህሩ ድርሻ ነው፤ ለዚህም ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ማሳውን ከከፍታ ላይ እንደሚታይ አድርጎ መሣል ስለ መስመርና ስለ ድግግሞሽ ከየትኛውም የመጽሐፍ መልመጃ ይልቅ ያስተምራል። ቦዩ ለምን ወደዚያ እንደሚያዘነብል ሲጠየቅም መልሱ የሚገኘው ከአያት ዘንድ ነው።

የቀለም ትምህርትም እንዲሁ ነው። የጅሩ ሰንጋ በበዓል ሰሞን በአዲስ አበባ ገበያ ሳይቀር ስሙ የሚጠራ ነው። በዚህ አገር ያደገ ልጅ ቡሬውን ከዳለቻው፣ ቦራውን ከሌላው ለይቶ ያውቃል። ግራጫውን ከነጩ፣ አንዱን ወጥ ቀለም ከተዥጎረጎረው ለመለየት የሠለጠነ ዓይን አለው። በክፍል ውስጥ ግን ትምህርቱ የሚጀመረው ከቀይ፣ ከቢጫና ከሰማያዊ ነው፤ ልጁ ስለ ቀለም ምንም እንደማያውቅ ተቆጥሮ። እነዚህን ሦስቱን መማሩ ስሕተት አይደለም። ስሕተቱ ይዞት የመጣው የቀለም መዝገበ ቃላት ከከብቶቹ ጋር በረት መቅረቱ ነው።

ተረት ከሥዕል ይልቅ ወደ ክፍል ሲገባ ይጎዳል። በቤት «ተረት ተረት» ላለው ሰው «የላም በረት» ብሎ የሚመልስ አድማጭ አለ፤ ያለ መልሱ ተረቱ አይጀመርም። አድማጩ መሐል ላይ ይጠይቃል፣ ይቃወማል፣ ጦጣዋ ትክክል ነበረች ወይ ብሎ ይከራከራል። በክፍል ግን ተረቱ የሚነበብ ምንባብ ይሆንና «ከዚህ ተረት ምን ተማራችሁ?» በሚል ጥያቄ ይዘጋል። የሚጠበቀው መልስ አንድ ነው፤ እሱንም ተማሪዎቹ ተረቱን ሳይሰሙ ሊናገሩት ይችላሉ። አባባ ተስፋዬ ሳህሉ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለአርባ ዓመታት ያህል ተረት ሲያወሩ ልጆች ይወዷቸው የነበረው በምክሩ ብቻ አልነበረም። ድምፃቸውን እየለዋወጡ እንስሳቱን ሕያው ያደርጓቸው ነበር። ይህ ክወና ነው። ትምህርቱም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣ ከባድ ተቃውሞ አለ፤ በአርባ ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ማጠር ወይም በመምህራን ሥልጠና ማነስ ብቻ የሚታለፍ አይደለም። ከቤት የሚመጣው ሁሉ መልካም አይደለም። እንደ ሌላው የአማራ አካባቢ ሁሉ በሰሜን ሸዋም ሸክላ ሠሪው፣ ሸማኔውና ቀጥቃጩ «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እየተባሉ ሲናቁ ኖረዋል። ማታ ማታ ልጆች ከሚሰሙት ተረት ውስጥ ሌሊት ጅብ የሚሆነው ሰው ብዙ ጊዜ ባለ እጅ ነው። መምህሩ ያንኑ ጥቁር ጭቃ አምጥቶ ገንቦ ሥሩ ሲል፣ የሸክላ ሠሪዋ ልጅ በክፍሉ ውስጥ ከሁሉ የተሻለች ሆና ትገኝ ይሆናል። ያን ጊዜ ክፍሉ ወይ ያደንቃታል ወይ ይጠቋቆምባታል። ባህልን ማስተማር አጊጦ ለማሳየት ብቻ ከሆነ መምህሩ ይህን ሰዓት ይሸሻል፤ ጭቃውንም ትቶ ወደ መሶቡ ሥዕል ይመለሳል። ነገር ግን ልጅቷ ነገም ከነዚሁ ልጆች ጋር ውሃ ትቀዳለች። ተረቱን በክፍል መተረክ፣ ጅቡ ለምን ባለ እጅ ሆነ ብሎ መጠየቅ፣ ቀጥሎም ማረሻውን ማን ሠራው፣ እንጀራው የተጋገረበትን ምጣድስ ማን ሠራው ብሎ ልጆቹን ማነጋገር የአንደኛ ደረጃ ተማሪ የማይችለው ነገር አይደለም። ከምንባብ መጽሐፉ ጥያቄ ይልቅ ለልጆቹ የሚቀርበው ይህ ነው።

ተመራማሪውም በዚህ ጉዳይ ድርሻ አለበት። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኤልሳቤጥ ሌርድ በብሪቲሽ ካውንስል ድጋፍ ከየክልሉ ተረቶች ሰብስባ ነበር፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ ለተማሪዎች ወደ ቤታቸው የተመለሱት እንግሊዝኛ መለማመጃ ሆነው ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በሌሎችም የሥነ ቃል ተማሪዎች ከየወረዳው የሰበሰቧቸው ተረቶች ደግሞ በአማርኛ፣ በተናጋሪዎቹ አነጋገር፣ በመመረቂያ ጽሑፎች አባሪ ተቀምጠዋል። አንድ ጥናት ሲጸድቅ የአባሪው ቅጂ ተረቶቹ ለተነገሩበት ቀበሌ ትምህርት ቤት እንዲላክ የትምህርት ክፍሎች ቢያስገድዱ፣ ወጪው ጥቂት ወረቀትና የአውቶቡስ መልእክት ነው። የእነዋሪ መምህር ከዚያ ቅጂ ሦስት ተረት ብቻ ቢያገኝ፣ የመጀመሪያውን ለልጆች ከማንበቡ በፊት በወላጆች ቀን አንድ አዛውንት ጠርቶ እንዲያርሙለት ሊጠይቅ ይችላል።