ጎተራው የት ነው?

«ሲስተም የለም!» ነቀምቴ ውስጥ ይህን ያልሰማ ወገን ካለ እጁን ያውጣ። እኛ ግን እንጠይቃለን፦ ሲስተሙ ያለው የት ነው?

የስቶሬጅ ኔትወርክ ሶፍትዌር ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ ጎተራ ያደርግና ለየሰርቨሩ ድርሻውን ይሰፍራል፤ ቮልዩም የሚሉት ይህንን ነው። ሰርቨሩ የግል ዲስኩ ይመስለዋል። ብልሃቱ ጥሩ ነው፤ ቦታ አይባክንም። ጎተራው አዲስ አበባ ሲሆን ግን 330 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቀናል። መስመር ሲቆረጥ እህሉ ሳይነቅዝ እኛ እንራባለን።

ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት 2012 ዓ.ም. በቄለም፣ በምዕራብና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ስልክም ኢንተርኔትም ጠፍቶ ነበር፤ በምሥራቅ ወለጋም ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር። ይህ ተረስቷል እንዴ?

ስለዚህ የዕለት ሥራ የሚሠራበት ቮልዩም እዚሁ ይሁን፤ ቅጂው ወደ አዲስ አበባ ይሂድ። መስመር ሲጠፋ ለውጡ ተጠራቅሞ ይቆይና ሲመለስ ይላካል። እዚያው ዲስክ ላይ የተቀመጠ ስናፕሾት ግን መጠባበቂያ አይባልም፤ ዲስኩ ሲሞት አብሮት ይሞታልና።

«ባለሙያ የለም» አትበሉን። ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ እዚሁ ከተማ እያስተማረ ነው። የታካሚዋ ካርድና የተማሪው ውጤት ከደጃችን ይደር።