በመሥሪያ ቤት ኔትወርክ ላይ «ተለማመድ» የምትሉ አለቆች

ወገን፣ የአይቲ ሰው ካልሆናችሁ ይቺን እለፏት። የሆናችሁ ግን አንብቡና ከፈለጋችሁ ስደቡኝ።

ባለፈው ሳምንት ለልምምድ የወጣ አንድ ተማሪ ከመሥሪያ ቤት ተባረረ። ጥፋቱ ምንድነው? «ዲኤችሲፒ ሰርቨር ተለማመድ» ተባለ፤ ላፕቶፑን ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ሰክቶ ሰርቨሩን አስነሳ። የቢሮው ኮምፒውተሮች አድራሻ ሲጠይቁ ቀድሞ የመለሰላቸው የእሱ ላፕቶፕ ሆነ። አለቀ። ባለጉዳይ ግማሽ ቀን «ሲስተም የለም» እየተባለ ተሰልፎ ዋለ።

እኔ የምለው፣ ልጁ የታዘዘውን ነው የሠራው። የት እንደሚለማመድ ያላሳየውስ ማን ነው? «እኛም እንዲሁ ነው የተማርነው» አትበሉኝ። እናንተ ስትማሩ ባለጉዳይ አልተጉላላም ማለት ነው?

ደግሞ እኮ ገንዘብ አይጠይቅም! ዊንዶውስ ስታርት ላይ ኤች-ዲ-ደብሊው-ደብሊው-አይ-ዜድ ብላችሁ ጻፉ (ደብሊዋ ሁለት ናት)። በእጅ መምረጥን ትመርጣላችሁ፣ ከዚያ ኔትወርክ አዳፕተርስ፣ ማይክሮሶፍት፣ ኬኤም-ቴስት ሉፕባክ አዳፕተር። በቃ፣ ኬብል የሌለው የኔትወርክ ካርድ አላችሁ። 192.168.50.1 ስጡት። ጌትዌይ የሚለውን ባዶ ተዉት፤ ብዙ ሰው እዚያ ቁጥር ይሞላና ኢንተርኔት ሲጠፋበት አዳፕተሩን ይረግማል። ሰርቨሩን ከዚህ አዳፕተር ጋር ብቻ አያይዙ፣ አድራሻ ተቀባይ የሚሆነውን ቨርቹዋል ማሽን ደግሞ በቨርቹዋልቦክስ እዚሁ ላይ ብሪጅ አድርጉት። ልጁ ቢሳሳት የሚሳሳተው በገዛ ላፕቶፑ ውስጥ ነው። ሊኑክስ ላይማ «ዳሚ» የሚባለው በአንድ መስመር ትዕዛዝ ይፈጠራል።

«ኬብልና ስዊች ያልነካ ምኑን ተማረ?» የሚሉ እንደሚመጡ አውቃለሁ። ልክ ናቸው፣ የተበላሸ ኬብል መፈለግ በዚህ አይለመድም። ግን ልጁ የተባለው ኬብል ፈልግ ነው እንዴ? መጀመሪያ እዚህ ይሳሳት፣ ከዚያ ስዊቹን አሳዩት።

ትናንት ደውዬለት ነበር። ዩኒቨርሲቲው የልምምድ ውጤቱን የሚጠብቀው ከዚያው መሥሪያ ቤት ነው፤ ካልመጣ አይመረቅም። ጋሼ፣ ይህን እንደሚያነቡ አውቃለሁ። ወረቀቱን ይፈርሙለት።